ስድስተኛው ፊርማ

አሶሳ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልረሂም፣ ኩርሙክ

እንደምን ሰንብተዋል ጋሼ? ቤተሰቡስ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ ልበል፤ ልማድ ነውና።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ባለመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የኩርሙክ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ያለን ተስፋ የአይሱዙው ሹፌር ኦሊያድ ነው። እሱ ደግሞ ጭነት ካልሞላለት ንቅንቅ አይልም።

ስለ ልጅዎ ስለ ሳሚያ ለጠየቁኝ፣ ደህና ናት። ከሠላሳ አንዱ ተማሪዎቼ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ እጇ የማይንቀጠቀጠው እሷ ናት። አባቷ የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ጸሐፊ እንደነበሩ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ስትኮራ ዝም ነው የምትለው፣ በእርስዎ ወጥታለች።

«እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰላም በር ኮሌጅ እንዴት ነው?» ላሉኝ ግን፣ ጋሼ፣ ጉድ ፈልቷል። የቀርከሃ ሥራ ፕሮግራማችን ፋይል በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ከክልሉ የሙያ ትምህርት ቢሮ ተመለሰ። የልጆቹን ስም ለብቃት ምዘና ልኬ ነበር፤ «ፕሮግራሙ የመለያ ቁጥር የለውም፣ አይመዘገቡም» ተባልኩ። ምዝገባው ሰኔ 20 ይዘጋል። ስምንት ወር ያስተማርኳቸው ልጆች ለምዘና ካልተቀመጡ ወረቀት የላቸውም። ወረቀት ከሌላቸው ተደራጅተው የመሥሪያ ቦታ አያገኙም። ከየወረዳው ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ለእናቶቻቸው ቃል የገባሁትም እኔ።

መቼም ያውቁኛል። የባምባሲ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ከወሎ ይዞት የመጣውን መጋዝ ጨብጬ ያደግኩ ወንበር ሠሪ። አስተማሪ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ፋይሉ ላይ «በመርህ ደረጃ የተቀበሉት እንጂ ያጸደቁት አይመስልም»፣ «ሞጁል 4 ቅድመ ሁኔታው አልተገለጸም»፣ «ከሙያ ደረጃው ጋር ይናበብ»፣ «ምልአተ ጉባኤ ይረጋገጥ» ይላል። አማርኛ ነው ሲሉኝ ነው የባሰ የደነገጥኩት። ዲናችንን ወይዘሮ የወርቅውሃን ብጠይቃቸው «የአብዱልረሂም ሥራ ነበር» ብለው ወደ እርስዎ ላኩኝ። ኧረ በማርያም አስረዱኝ!

ስርጉት


ኩርሙክ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ሌላ ሕመም የለብኝም።

አማርኛን የተማርኩት ከቃለ ጉባኤ ነው ብዬሽ የለም? በበርታ ቋንቋ ቀልድ አውቃለሁ፤ በአማርኛ የማውቀው ውሳኔ ብቻ ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

የሙያ ደረጃ ማለት አንድ የቀርከሃ ሠራተኛ ምን ምን መሥራት እንዳለበት ከላይ ተጽፎ የመጣ ነው። እኛ አንነካውም። ሥርዓተ ትምህርት ማለት ተማሪው እዚያ እንዲደርስ እኛ የምናዘጋጀው ነው፤ ሞጁል የእሱ አንድ ክፍል ነው። «ይናበብ» ያሉሽ፣ ደረጃው የሚጠይቀው እያንዳንዱ ሥራ በየትኛው ሞጁል እንደሚሰጥ በሠንጠረዥ አሳዪ ማለት ነው።

ቅድመ ሁኔታን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ተቆርጦ ወንበር ቢሆን ምን ይገጥመዋል? በስድስት ወር ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። ሞጁል 2 ቀርከሃ መምረጥና ማድረቅ ነው፤ ሞጁል 4 ማገጣጠም ነው። ሁለትን ያላለፈ አራትን አይጀምርም ብለሽ ጻፊ። አለቀ።

በመርህ ደረጃ መቀበል ማለት ሐሳቡን ወደድነው ማለት ነው። ማጽደቅ ማለት ኃላፊነቱን ወሰድን ማለት ነው። ኮሚሽኑ ካጸደቀ በኋላ ቢሮው መርምሮ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ተማሪ የሚመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ልማድ ግን ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ ክፍል ተከፍቶ የቢሮው ደብዳቤ ከኋላ ይደርሳል ማለት ነበር። ይህ የሁላችንም ጥፋት ነው።

ምልአተ ጉባኤ፣ ኮሚሽኑ ዘጠኝ አባል አለው፤ ስድስት ከተገኙ ውሳኔው ውሳኔ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ስድስት ፊርማ አለ። እሱን ብዙ አታገላብጪው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ልጨምር። የቀደመ ልምድ እውቅና የሚባል አለ። በትምህርት ቤት ሳይሆን በሥራ የተማረ ሰው ማስረጃ አቅርቦ በግሉ ለምዘና ይቀመጣል። አንቺ ራስሽ ወረቀት ያገኘሽው በዚህ ነው፤ ስሙን አላወቅሽም እንጂ።

ሳሚያ ምግብ ትበላለች? እናቷ ነች የጠየቀችው።

አብዱልረሂም


አሶሳ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አብዱልረሂም፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ አይቀየሙኝ።

ሳሚያ ትበላለች። ለእናቷ ይንገሩልኝ።

እንዳሉኝ ሠንጠረዡን ሠራሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሦስት ወንበር እሠራበት ነበር። ቢሮ ወስጄ ሳስረክብ «ጎበዝ» ተባልኩ። ደረቴን ነፍቼ ልወጣ ስል ከኋላ ጠሩኝ።

እርስዎ አታገላብጪው ያሉትን እነሱ አገላበጡት። ስድስተኛው ፊርማ የብየዳ ክፍል ኃላፊው የአቶ ደባልቄ ነው፣ ቀኑ ነሐሴ 14 ቀን 2016። አቶ ደባልቄ ደግሞ የዚያን ቀን ጉባ ነበሩ፣ ግድቡ ጋ፣ የብየዳ ሠራተኞችን ሲመዝኑ። የፈረሙባቸው አርባ የምዘና ቅጾች እዚያው ቢሮ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሰውዬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ፣ «እህቴ፣ ሰው በአንድ ቀን አሶሳም ጉባም ይፈርማል?» አለኝ። ምን ልበል?

ፕሮግራሙን ያቀረብሽው አንቺ፣ በፊርማው የምትጠቀሚው አንቺ፣ ፋይሉ ከተመለሰ ወዲህ የተቀመጠውም በአንቺ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው እያሉኝ ነው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢው አቶ ምንያህል ይባላሉ፤ ሲስቁ ያየ የለም። ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥ ታዝዣለሁ። እስከዚያ ድረስ ወርክሾፕ እንዳልገባ ወይዘሮ የወርቅውሃ በደብዳቤ ከልክለውኛል። ቁልፉን ሳሚያ ይዛ ልጆቹን እሷ እያለማመደች ነው። እኔ በአጥር ላይ ነው የማያቸው፣ ልክ እንደ ሌባ!

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ያንን ቃለ ጉባኤ አቶ ደባልቄን ያስፈረማቸው ማነው?

ስርጉት


ኩርሙክ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ስርጉት

ታመዋል ወይ ብለሽ በኦሊያድ አፍ ጠይቀሻል። አልታመምኩም። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ኦሊያድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ማንጎው ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ አንድ ማዳበሪያ ልኬልሻለሁ፣ ከላይ ያለው የበሰለ ነው፣ ቶሎ ብዪው።

ስለ አሠራራችን ልንገርሽ። በኮሌጃችን ስብሰባ ተጠርቶ ሰው ተሟልቶ አያውቅም። አንዱ ለቅሶ ነው፣ አንዱ ምዘና ነው፣ አንዱ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሊያሠለጥን ሄዷል። ስለዚህ ጸሐፊው ተሰበሰብን ብሎ ይጽፋል፤ ፋይሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ከቤት ቤት ዞሮ ያስፈርማል። «ማዞር» ነው የምንለው። አንዱን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲገዛ፣ አንዱን ከጁምዓ ሲወጣ መስጊድ በር ላይ አስፈርሜ አውቃለሁ። ጀርባዬ ጠረጴዛ ሆኖ ያገለገለበት ቀን ብዙ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን፤ ጠያቂ አልመጣም።

ስለ ደባልቄ የጠየቅሽኝን አስቤበት እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ለማንም ምንም አትናገሪ። ዝም አይነቅዝም ይል የለም ያገርሽ ሰው?

ደብዳቤዎቼን ሳሚያ እንዳታያቸው አደራ።

አብዱልረሂም


አሶሳ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አብዱልረሂም፣

ዝም አይነቅዝም? ይነቅዛል እንጂ! እኔን ነቀዘኝ!

ማንጎውን ለጎረቤት ሰጠሁት። ስለ ሞጁል፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ቅድመ ሁኔታ አንድ በአንድ አስረድተውኝ፣ «ማን አስፈረመ?» ስል ስለ ሽንኩርት ገዢ ያወሩልኛል? እኔ ወንበር ሠሪ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም። ገብቶኛል ጋሼ። ከመለሱልኝ ይልቅ ያልመለሱልኝ ነው የነገረኝ። ቢሳደቡ፣ ቢቆጡኝ፣ «እንዴት እኔን ትጠረጥሪያለሽ» ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ አባቴ ነበር የማይዎት! አሁንም እንደዚያ ማየቴን መተው አቅቶኝ ነው የምናደደው።

አሁን የሆነውን ይስሙ። ትናንት አቶ ደባልቄ ቤቴ ድረስ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ። «ፊርማው የኔ አይደለም፤ የማን እጅ እንደሆነም አውቃለሁ። አብዱ ጓደኛዬ ነው። ሐሙስ ሲጠይቁኝ የኔ ነው እላለሁ፤ አንቺም ትድኛለሽ፣ ልጆቹም ይመዘናሉ» አሉኝ። ጉባ የፈረሙባቸውን አርባ ቅጾች ሳነሳባቸው፣ «ቀኑን ተሳስቼ ነው የጻፍኩት እላለሁ» አሉ። አርባ ቅጽ ላይ ቀን ተሳሳትኩ ያለ መዛኝ ምን እንደሚደረግ እርስዎ ያውቃሉ። የመዛኝነት ፈቃዳቸው ይነጠቃል። እነዚያ አርባ ብየዳ ሠራተኞችም ውጤታቸው ይሰረዛል። ሰውየው አራት ልጆች አላቸው።

የእርስዎ ሁለት ደብዳቤዎች እኔ ጋ ናቸው። «አታገላብጪው» የሚለውም፣ «ማዞር» የሚለውም። ለአቶ ምንያህል ባሳያቸው ነገሩ እዚያው ያልቃል። እስካሁን አላሳየሁም። ለምን እንዳላሳየሁ ራሴም አላውቀውም፤ የሳሚያን ዓይን ፈርቼ ይሆናል። ሰርክ እየመጣች «እትዬ፣ ምን አጠፋሽ ነው የሚሉሽ?» ትለኛለች። እኔ ስለ መጋዝ ወሬ እቀይራለሁ። ያንን የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

አቶ ደባልቄን ምን ልበላቸው? ይዋሹልን ልበል? ኦሊያድ ማክሰኞ ከኩርሙክ ይመለሳል፤ ጠብቅ ብለው ቢለምኑትም አይጠብቅም። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነው።

ስርጉት


ኩርሙክ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስርጉት፣ በእሷም በኩል ለአጣሪ ኮሚቴው

አጀንዳ አንድ፦ ስድስተኛው ፊርማ። ፊርማውን የፈረምኩት እኔ አብዱልረሂም ነኝ። ስርጉት አታውቅም ነበር። ደባልቄም አያውቅም ነበር።

አጀንዳ ሁለት፦ ምክንያቱ። ይህንን በቃለ ጉባኤ አማርኛ መጻፍ አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ልንገርሽ።

ነሐሴ 14 አምስት ፊርማ ይዤ ነበር። ሌሎቹ ሦስቱ አባላት ለእረፍት አገራቸው ሄደዋል። የቀረኝ ደባልቄ ነው፤ ጉባ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ፋይሉ በማግስቱ ቢሮ ካልገባ ለዓመቱ አይታይም። ደባልቄ ከመሄዱ በፊት «ይህ የቀርከሃ ነገር ጥሩ ነው» ብሎኝ ነበር። እሱን እንደ ድምፅ ቆጠርኩት። ቢሮዬ ተቀምጬ በገዛ እስክሪብቶዬ ፈረምኩለት። ሲመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። ሲመለስ ደግሞ የጉባን ሙቀት እያወራ አሳቀኝ፤ እየሳቅኩ ሳልነግረው ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነገ እያልኩ ጡረታዬ ደረሰ።

ለምን ቸኮሉ ትይኝ ይሆናል። ሳሚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቀች በኋላ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ መጥቷል። እናቷም «እስከ መቼ?» ትለኛለች። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ሰሌን ስትሠራ አያታለሁ። አንድ ክፍል ይከፈት እንጂ፣ አንድ ዓመት ብቻ ላግኝላት፣ አልኩ። የሰው ልጅ በማስታወቂያ ሲመዘገብ የእኔ ልጅ ስም ቀድሞ ገብቶ ነበር። ይህንንም ኮሚቴው ይመዝግብ። ወላሂ ይህን ስጽፍ አፍሬያለሁ።

አንቺን ግን በአጥር ላይ አስቆምኩሽ። ስለ ማንጎ ጻፍኩልሽ። ይህ ከፊርማው ይብሳል። አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ።

ደባልቄን እንዲህ በዪው፦ አፍህን ዝጋ። ለኔ ብለህ የአርባ ሰው እንጀራ አትድፋ። ጓደኛዬ ከሆንክ እውነቱን ተናገር።

እኔ ይህን ከተናገርኩ ስድስቱ አምስት ይሆናል፤ የፕሮግራሙ ማጽደቂያ ይወድቃል። አውቃለሁ። ልጆቹ ግን አይውደቁ። ያልጠየቅሽኝን አንድ ቃል ጽፌልሽ ነበር፣ የቀደመ ልምድ እውቅና። ያን ጊዜ የጻፍኩት ይህ ቀን እንደሚመጣ ፈርቼ ነው። ክፍሉ ባይጸድቅም እጃቸው ያውቃል። በኮሌጁ ስም ሳይሆን እያንዳንዳቸው በግላቸው ይመዝገቡ፤ የሠሩትን ዕቃና ምስክር ይዘው ይቅረቡ። ቢሮው እምቢ የሚልበት ደንብ የለም።

እኔ ነገ ከኩርሙክ እነሳለሁ። ኦሊያድ ጋቢናው ሞልቶበታል፤ የምመጣው በሌላ መኪና ነው። መንገዱ ቢዘጋና ሐሙስ ባልደርስ ይህን ወረቀት ለአቶ ምንያህል ስጪ። ለሳሚያ ግን እኔ ራሴ ልንገራት።

አብዱልረሂም፣ በራሴ ፊርማ


አሶሳ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልረሂም

እንደምን ከረሙ? እኔ አሁን እውነትም ደህና ነኝ።

የላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። ሰኔ 5 ደርሰው ቃልዎን ሰጥተው ከኮሚቴው ክፍል ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ሳይሉ አልፈውኝ ሄዱ። ጠርቼዎት ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰኔ 1 ቀን የጻፍኩትን ስድብ ግማሹን መልሼ ወስጃለሁ። ግማሹ ይቆይልኝ።

ልጆቹ ምን ሆኑ ላሉኝ። እንዳሉት አምስት ፊርማ ቀረና ማጽደቂያው ተሰረዘ። እኔ በነጻ ተለቀቅሁ፤ ፕሮግራሙ ግን ከዜሮ ሊጀምር ነው። ልጆቹን ሰብስቤ ስነግራቸው አንዷ ጮኻ አለቀሰች። ከዚያ የእርስዎን ቃል አወጣሁላቸው። ቢሮው ማስረጃ አምጡ አለ። ጋሼ፣ አሶሳ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም! ሠላሳ ልጆች በርጩማና ቅርጫት በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ዕቃ የገዟቸውን ነጋዴዎች ለምስክርነት እየጎተቱ፣ በዋናው አስፋልት ተግተልትለው ቢሮ ገቡ። ጥበቃው ገበያው ተዛወረ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አለቀልን። ከሠላሳ አንዱ ሃያ አምስቱ አለፉ። ስድስቱ ወድቀዋል፤ መስከረም ላይ ድጋሚ ይቀመጣሉ።

ደባልቄ ተቀይሞኛል ወይ ላሉኝ። በኮሚቴው ፊት «ፊርማው የኔ አይደለም» ብለው እውነቱን ተናገሩ። ባለፈው ሳምንት «የኔን ፊርማ ከኔ አሳምሮ ነው የፈረመው!» ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሲመለስ አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት» አሉ። ቅር ብሏቸዋል። ሄደው ያነጋግሯቸው፤ ደብዳቤ አይበቃም። የእርስዎ ጉዳይ ወደ ሕግ ይመራ አይመራ አልተወሰነም። አቶ ምንያህል የነገሩኝ፣ ራስዎ መጥተው መናገርዎ ተመዝግቧል ብቻ ነው።

ኮሚሽኑ ፕሮግራሙን እንደገና ሊያይ ሐምሌ 10 ተሰበሰበ። ማዞር ቀርቷል። ሰባት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት ተቀመጠ፤ ወይዘሮ የወርቅውሃ በሩን ቆለፉ። ጸሐፊ ጠፍቶ ቃለ ጉባኤውን እኔን አስያዙኝ። ስድስተኛው ሰው ዓይኔ እያየ ሲፈርም እንባዬ መጣ፤ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ስለ ሳሚያ ነው። ከነገሯት በኋላ፣ ሠላሳው ሲመዘገቡ እሷ አልመዘገብም አለች። «በውሸት በተከፈተ ክፍል ነው የተማርኩት» አለችኝ። እኔም ተናደድኩና፣ «ክፍሉ ውሸት ይሁን፤ ይህ የሰነጠቅሽው ቀርከሃ ውሸት ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ምዝገባው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወንበሯን ተሸክማ ብቻዋን ሄደች። ሠላሳ አንደኛ ሆና ተመዘገበች። አልፋለች።

አልታረቀችዎትም። ከእርስዎ እውነቱን ጠይቄያለሁና እኔም አልዋሽም። «ለምን እኔን አልጠየቀኝም? እኔ እጠብቅ ነበር፣ አንድ ዓመት እጠብቅ ነበር» ነው የምትለው። ሆኖም ይህን ደብዳቤ የሚሰጥዎት ኦሊያድ አይደለም። እሷ ናት፣ በር ላይ ቆማለች። ለምዘና የሠራችውን ወንበር ኦሊያድ አይሱዙው ላይ ጭኖላታል። ወንበሩን ሊገዛ የመጣውን የጾሬ ካምፕ ድርጅት ሰው እምቢ ብላ ነው ያመጣችው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ቆመው አያንብቡ። ወንበሩን ያውርዱላትና ይቀመጡበት። ቀርከሃው ሦስት ዓመት የሞላው ነው፤ ሲቆረጥ አይቻለሁ።

ስርጉት